ጥቆማ፦ 6 ዓመት የቆመ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ሐዋሳ ውስጥ ማን ጋ ልውሰደው?

ቱላ መንገድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሞተር መካኒክ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ሞተሩ የአባቴ ቦክሰር 150 ነው። በ2011 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ሲከለከል፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ስር አቆመው። በዚያው ቀረ። ባለፈው ወር በአይሱዙ አስጭኜ ሐዋሳ አመጣሁት። የማስተምረው በቱላ መስመር ነው። ጠዋት ባጃጅ ስጠብቅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እያለፈብኝ ተቸግሬያለሁ።

ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ውስጥ የቀረውን አሮጌ ቤንዚን አስወግጄ አዲስ ሞላሁ። ዘይትና ካንዴላ ቀየርኩ። ከብዙ ርግጫ በኋላ ተነሳ። ግን ቾኩን ስመልሰው ወዲያው ይጠፋል። ሚኒሞ አይይዝም፤ ማለትም ነዳጅ ካልሰጠሁት አይቆይም። ቾክ እንደተሳበ ስነዳው ይሄዳል፤ ነዳጅ ጨመር ሳደርግ ግን ይንተፋተፋል። 10 ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ትንሽ ካረፈ ተመልሶ ይነሳል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ማን ጋ ልውሰደው? ካርቡሬተሩን ማሳጠብ ይሻላል ወይስ በአዲስ መቀየር?

አቶቴ ሰፈር፦
ወንድሜ ብዙ አትድከም። መናኸሪያ ጀርባ ሰማያዊ በር ያለው ጋራዥ አለ፣ እዚያ ውሰደው። ሌላ ቦታ አትሞክር። እኔ 9 ዓመት ሙሉ እዚያ ነው የማሠራው።

ባለ ሰንሰለት፦
በደንብ የተሠራ ሞተር 9 ዓመት ሙሉ ጋራዥ ምን ይሠራል?

አቶቴ ሰፈር፦
ሰርቪስ ነዋ! ዘይት ቅያሪ፣ ፍሬን፣ ሰንሰለት። አንተ ሞተርህን ሰርቪስ አታስደርግም?

የዝዋይ ልጅ፦
ካርቡሬተር ሲነሳ ቁስሌ ተነካ። የደረሰብኝን ልንገርህ፣ ተማርበት። የኔም ሞተር አንድ ዓመት ከምናምን ቆሞ ሚኒሞ አልይዝ አለ። አንድ መካኒክ ጋ ወሰድኩት፤ ስሙንም ቦታውንም አልጠራም። «ነገ ና» አለኝ። በነጋታው ስሄድ «ከነገ ወዲያ»። በአራተኛው ቀን ሞተሩ ተነስቶ ጠበቀኝ። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ደርሼ ሳጥበው ካርቡሬተሩ ያብረቀርቃል። የኔ ካርቡሬተር እኮ ከታች ጠርዙ ላይ ጭረት ነበረው። ራሴ ነኝ ካቻቢቴ አንሸራትቶኝ የጫርኩት። ያ ጭረት የለም። ኦርጅናሉን ፈትቶ ፎርጅድ ገጥሞልኛል ማለት ነው። ተመልሼ ስሄድ «እንዲሁ ነው የመጣው» አለኝ። ምስክር የለኝም፣ ፎቶ የለኝም። በሁለት ወሩ ፎርጅዱ ቤንዚን ማፍሰስ ጀመረ። ሁለተኛ ሞተሬን ጋራዥ አላሳድርም።

አድማጭ፦
ወይኔ! እኔንም እንዲሁ በባትሪ ጉድ አድርገውኛል።

ባለ ቀይ ሄልሜት፦
ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ካርቡሬተሩ፣ ባትሪው፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይታይ። መካኒኩ ፊት አንሱት። ታማኝ ሰው ከሆነ ቅር አይለውም።

አቶቴ ሰፈር፦
ሰማያዊ በር ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ልጁ ዓይኔ እያየ ነው የሚፈታው።

የዝዋይ ልጅ፦
እኔም ያመንኩት ሰው ነበር።

ጋሽ መፍቻ፦
ልጆች፣ እኔ አዳማ ነው የምሠራው። ስለዚህ ሥራ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። ከ20 ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ኖሬያለሁ። የዝዋይ ልጅ፣ የደረሰብህ ነገር ያሳዝናል፤ እንደዚያ የሚያደርግ ሰው ሙያውን ያሰድባል። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ካርቡሬተር በደንብ ለማጠብ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደንበኛው መጥቶ «ምን ቀየርክ?» ይላል። «ምንም አልቀየርኩም፣ አጠብኩ» ስትለው መክፈል ይከብደዋል። አዲስ ዕቃ ስትገጥምለት ግን ሳይጠይቅ ይከፍላል። ለእጅ ሥራ መክፈልን እንልመድ። ያኔ ዕቃ ቀይሩ የሚላችሁም ይቀንሳል።

ሚኒሶታ ነኝ፦
ሰላም ከሚኒሶታ። እዚህ በበረዶ ምክንያት ሞተራችንን በየዓመቱ 5 ወር ያህል እናቆማለን። ከማቆሜ በፊት ሰልባትዮውን እስከ አፉ እሞላዋለሁ። ባዶ ቦታ ካለ በውስጡ ያለው እርጥበት ቆርቆሮውን ያዝገዋል። ከዚያ የቤንዚን ማቆያ ፈሳሽ ጨምሬ ትንሽ እነዳዋለሁ። በመጨረሻ የቤንዚን መዝጊያውን ዘግቼ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ እተወዋለሁ። ካርቡሬተሩ ባዶ ይሆናል። ባትሪውን ፈትቼ ቤት አስገባለሁ። ፀደይ ሲመጣ በመጀመሪያው ሙከራ ይነሳል።

ባለ ሰንሰለት፦
ጥያቄው ስለ ማቆም ነው እንዴ? የቆመውን ስለ ማስነሳት እኮ ነው።

ሚኒሶታ ነኝ፦
ለሚቀጥለው ጊዜ ይጠቅማል ብዬ ነው ወንድሜ።

ከፍታ፦
የናንተ ነገር! ችግሩ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ሐዋሳ 1,700 አካባቢ ነው። አየሩ ተለውጦበታል። ካርቡሬተሩ ለሐዋሳ አየር ይስተካከል።

ጋሽ መፍቻ፦
600 ሜትር መውረድ ድብልቁን ትንሽ ያቀጥነዋል እንጂ ሞተር አያጠፋም። አዲስ አበባ ተገዝቶ ሐዋሳ የሚነዳ ስንት ቦክሰር አለ? የከፍታ ጉዳይ ቢሆን ሁሉም በቆመ ነበር።

ቱላ መንገድ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ለምትሉኝ፣ እህታችሁ ነኝ። የዝዋይ ልጅ፣ እግዜር ይካስህ፤ ፎቶውን ዛሬውኑ አነሳለሁ። ግን እስካሁን የተጠቆምኩት አንድ ጋራዥ ብቻ ነው። ማጠብ ወይስ መቀየር የሚለውም አልተመለሰልኝም። ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

ጋሽ መፍቻ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ምንም ዕቃ እንዳትገዢ። የገለጽሽው አንድ ሳይሆን ሁለት ችግር ነው የሚመስለው።

የመጀመሪያው የቾኩ ነው። ቾክ አየር ይቀንሳል፣ ቤንዚን ያበዛል። ሞተሩ ያለ ቾክ የማይቆይ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ካርቡሬተር ውስጥ ሚኒሞን የምትመግብ ትንሽ ጄት አለች። ቀዳዳዋ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። ቤንዚን ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተናል፣ ከታች የደረቀ ማር የመሰለ ሙጫ ይቀራል። ሽታውም የቤንዚን ሽታ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቫርኒሽ ይሆናል። መጀመሪያ የሚደፈነው ያ ቀዳዳ ነው። ይህ በማጠብ ይድናል። ካርቡሬተሩ ካልተሰነጠቀ ወይም ውስጡ በዝገት ካልተበላ ኦርጅናሉን አትጣይ። የታጠበ ኦርጅናል ከአዲስ ፎርጅድ ይሻላል።

ሁለተኛው ከ10 ደቂቃ በኋላ መቆሙ ነው። ይህ ቤንዚን ከሰልባትዮ በበቂ መጠን አለመውረዱ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ነገር ሞክሪ። ሲቆምብሽ ወዲያው የሰልባትዮውን ክዳን ክፈቺ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ከዚያ በኋላ ከተነሳ፣ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ትንሽ ጽዳት ነው፣ ብር አያስወጣም። ድምፅ ከሌለው ግን ሞተሩ ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቂ። ከዚያ ከካርቡሬተሩ ስር ያለችውን ማፍሰሻ ቡሎን ላላ አድርጊና ብርጭቆ ደግኚ። የቤንዚን መዝጊያው ክፍት ይሁን። ሳይቋረጥ ከወረደ መልካም። ጠብ ጠብ ካለ መዝጊያው ላይ ያለችው ወንፊት ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል። እሳትና ሲጋራ አጠገብሽ እንዳይኖር አደራ።

ባለ ሰንሰለት፦
ጋሼ የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ጄቷን በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ እንዳይወጓት ነው። ናስ ስለሆነች ቀዳዳዋ ይሰፋል፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ነው። ዓሣ ገበያ የመረብ ናይለን ክር ታገኛለሽ። በዚያ አጽድተው በኮምፕሬሰር ያስነፉልሽ። ደግሞ የማርሚታውን ጫፍ እዪ። የኔ ሞተር ቆሞ ሳለ ተርብ በጭቃ ጎጆ ሠርቶበት ነበር። ገልብጬ ስመታው የደረቀ አፈር ዘረገፈ።

አቶቴ ሰፈር፦
እህቴ ይቅርታ፣ ወንድ መስለሽኝ ነው። ሰማያዊ በር ጋ ሂጂ፣ ይህን ሁሉ እነሱ ያውቁታል።

ባለ ቀይ ሄልሜት፦
እነሱ ጋ ካርቡሬተር ማጠብ ስንት ነው? ጠይቃ ነበር እኮ... ይቅርታ፣ አልጠየቀችም ለካ። እኔ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

አቶቴ ሰፈር፦
ዋጋውን አላስታውስም። ግን አይጎዱም።

ሕግ አክባሪ፦
ስለ ካርቡሬተር ከማውራታችሁ በፊት ቦሎው ታድሷል? 6 ዓመት የቆመ ሞተር ዓመታዊ ምርመራው አልፎበታል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም አይኖረውም። ያለ ኢንሹራንስ ሰው ብትገጪ ዕዳው የራስሽ ነው። ባለቤትነቱም በአባትሽ ስም ከሆነ ውክልና ያዢ።

አድማጭ፦
ይህን ሁሉ ከምትለፊ ሸጠሽው የኤሌክትሪክ ሞተር አትገዢም?

የዝዋይ ልጅ፦
የአባቷ ነው አለች እኮ።

ጎማ ጎማ፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ጎማው! የጎማው ጎን ላይ 4 አሃዝ ተቀርጿል። ለምሳሌ 2217 ቢል በፈረንጆች 2017 በ22ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። 6 ዓመት ነፋስ ባነሰው ጎማ የቆመ ሞተር አንድ ቦታ ላይ ክብደቱን ጥሎ ስለሚኖር ጎማው እዚያ ላይ ይጎዳል። ጎኑን በጣትሽ ጠምዘዝ አድርጊው። ሥንጥቅ ካሳየ በቱላ መንገድ አትንጂው። ሞተር ባይነሳ ክፍለ ጊዜ ያልፋል፤ ጎማ ቢፈነዳ ግን ያስፈራል።

ቱላ መንገድ፦
ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሞከርኩ። ክዳኑን ስከፍት ድምፅ የለም። በማግስቱ ጠዋት ማፍሰሻዋን ላላ አድርጌ የሻይ ብርጭቆ ደገንኩ። መጀመሪያ ጥሩ ወረደ። ከዚያ ጠብ ጠብ አለ። ብርጭቆውን መስኮት ላይ አስቀምጬ ሳየው ከታች ቡናማ ነገር ዘቅጧል፣ እንደ በርበሬ ዱቄት። ከሥሩ ደግሞ ውሃ የሚመስል ጠብታ ለብቻው ይንከባለላል። በባትሪ መብራት ሰልባትዮው ውስጥ ሳይ ወደ ኋላ በኩል ቀይ ሆኗል። አባቴ በስልክ ስነግረው ዝም አለ። በየቅዳሜው በጨርቅ የሚወለውለው ሞተር ነበር።

ጋሽ መፍቻ፦
ጎበዝ ልጄ። ዝገት ነው፣ ውሃም ገብቶታል። አባትሽን አይዞህ በዪልኝ። ስስ ዝገት ይድናል። ሰልባትዮው ሳይጸዳ ካርቡሬተር ብታሳጥቢ በሳምንቱ ተመልሶ ይደፈናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሰልባትዮ፣ ከዚያ መዝጊያና ፊልትሮ፣ ከዚያ ካርቡሬተር። የትኛውም ጋራዥ ብትሄጂ ይህን ንገሪያቸው። ካርቡሬተሩን ብቻ እንሥራ ካሉሽ ሌላ ቦታ ሞክሪ።

ከፍታ፦
ኮካ ጨምሪበት፣ ዝገት ይበላል።

ጋሽ መፍቻ፦
አቼቶ ይሻላል። ኮካ ስኳር አለው፣ ያጣብቃል። ሰልባትዮውን ፈትተሽ ቤንዚኑን ጨርሰሽ አውጪ። በሳሙና ውሃ ታጥቦ ሽታው ይጥፋ። መዝጊያውን አውጥተሽ ቀዳዳውን ድፈኚ። አቼቶ ሞልተሽ አንድ ቀን ይደር። ጥቂት ዳዶ ውስጡ ጨምረሽ ብትነቀንቂው ዝገቱን ይፍቃል፤ ስንት ዳዶ እንዳስገባሽ ቆጥረሽ ያን ያህል አውጪ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጥሽበት ውሃ አለቅልቂው። ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። ደርቆ ሳያድር ቤንዚን ሙዪ፣ አለዚያ እንደገና ይዝጋል። ቆርቆሮው ተበልቶ ቀዳዳ ካለው ግን ይህም አያዋጣም።

ባለ ሰንሰለት፦
እህት፣ ሰልባትዮ ለመፍታት መፍቻ ከሌለሽ የኔን ልስጥሽ። አላሙራ አካባቢ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አለሁ። ባለቤቴም ቤት ስለምትኖር አትጨነቂ፣ ከፈለግሽ ከሰው ጋር ነይ። ሰማያዊ በር ላይ መጀመሪያ የተናገርኩትም ትንሽ በዛ። አንዴ ፍሬን አሠርቼበታለሁ፣ መጥፎ አይደለም።

አቶቴ ሰፈር፦
ብዬ ነበር!

አፓቼ 180፦
ጋሼ፣ የኔ ደግሞ 4 ወር ቆሞ ባትሪው አያስነሳም። ቻርጅ ሳደርገው ይነሳል፣ ሲያድር ይሞታል። ባትሪ ልቀይር?

ጋሽ መፍቻ፦
ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ነቅለህ አሳድረው። ጠዋት በሞካሪ ለካው። 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ባትሪው ደህና ነው፤ ሞተሩ ላይ ኤሌክትሪክ የሚስብ ነገር ፈልግ። ተነቅሎም ከወረደ ባትሪው ሞቷል። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ስትሰጠው ደግሞ 14 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ካላሳየ አዲስ ባትሪም አይቆይልህም።

ባለ ቀይ ሄልሜት፦
ቱላ መንገድ፣ ሰልባትዮው ምን ሆነ? የት አሠራሽው?

የዝዋይ ልጅ፦
ሥራ በዝቶባት ይሆናል፣ የፈተና ሰሞን ነው። እስከዚያው እኔም አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሞተር ዕቃ የምትገዙ፣ ያገለገለ የቦክሰር ካርቡሬተር ስታዩ የታችኛውን ጠርዝ ተመልከቱልኝ። በግራ በኩል የጥፍር ርዝመት ያህል ሰያፍ ጭረት ካለው የኔ ነው። ከገዛችሁበት ዋጋ ጨምሬ እወስደዋለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።