ደብዳቤው ላይ «አቶ» ልበል ወይስ «ወ/ሮ»?

ሰላም ለሁላችሁም። ሥልጠና ለወሰዱ 64 ሰዎች የምስጋና ደብዳቤ እያዘጋጀሁ ነው። እጄ ላይ ያለው ዝርዝር ስምና የአባት ስም ብቻ ነው፤ ጾታም ስልክም የለውም። አበበና አልማዝ አያስቸግሩም። ደስታ፣ ሲሳይ፣ ምሕረት ግን ወንድም ሴትም ይሆናሉ። እንዲህ ያሉ 11 ስሞች አሉኝ።

ውስጡ ችግር የለበትም። «እርስዎ» ወንድና ሴት አይለይም፤ «ስለተሳተፉ እናመሰግናለን» ስል ሁሉንም ይይዛል። የተቸገርኩት ከ«ለ» ቀጥሎ ባለችው አንዲት ቦታ ነው።

መጀመሪያ «ለአቶ/ወ/ሮ/ወ/ሪት ደስታ» አልኩ። አትሜ ሳየው ሳይሞላ የቀረ ቅጽ ይመስላል። ምስጋና እንዲህ አይሰጥም። «ለክቡር/ክብርት»ም ያው ነው። ስሙን ብቻ ሳስቀምጥ ደግሞ አለቃዬ «ሰው እንዴት በባዶ ስሙ ይጠራል?» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው። ባለፈው በግምት «ወ/ሪት» ብዬ የጻፍኩላቸው ሴትዮ የሦስት ልጆች እናት ሆነው ተገኙ፤ በጣም ቅር አላቸው። ወንዱን አገባ አላገባ ሳንጠይቅ «አቶ» እንላለን። ሴቷ ላይ ሲሆን ትዳሯን ካላወቅን መጥራት አንችልም፤ ይሄ ልክ አይመስለኝም።

አሁን የቀረኝ «ለተከበሩ ደስታ» ብሎ ከነአባት ስም መጻፍ ነው። ለሁለቱም ይሆናል። ግን ለጆሮዬ የፓርላማ አባል የምጠራ ይመስለኛል። ደብዳቤው ሐሙስ ይወጣል።

እናንተ ብትሆኑ ለተራ የሥራ ደብዳቤ «ለተከበሩ» ትላላችሁ ወይስ ጾታ የማይለይ ሌላ የአክብሮት ቃል ታውቃላችሁ?