የጡት ጥግግት ጥናት፦ «ጥቁር» ተብለን መቆጠራችን ይበቃል ወይስ ለብቻ እንጠና?

አስተባባሪ፦ በየፊናው የተጀመረውን ክርክር እዚህ እናምጣው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ጀምሮ ማሞግራም (የጡት ራጅ) የሚያነሳ ተቋም ሁሉ የጡቷ ሥጋ ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለመሆኑን ለእያንዳንዷ ሴት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ደብዳቤው የደረሳቸው እህቶች «እኛ አበሾች ላይ የተጠና ነገር አለ?» እያሉ ነው። ይጠናልን የምትሉም፣ ትርፉ ድካም ነው የምትሉም ተናገሩ። የሚሳደብ ይወጣል።

የአሌክሳንድሪያዋ (አሜሪካ)፦ 46 ዓመቴ ነው፣ ጡትሽ ጥቅጥቅ ነው የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል። ሐኪሜ ዕድሜዬን፣ የቤተሰቤን ታሪክ፣ ዘሬን ኮምፒውተር ላይ ሞላና በጡት ካንሰር የመያዝ አደጋዬን በመቶኛ አወጣልኝ። ዘር የሚለው ላይ «ጥቁር» ነው የተመታው። እኔ ጎንደር ተወልጄ፣ አራት ልጅ ወልጄ አጥብቼ፣ ሚሲሲፒ ተወልዳ ካደገች ሴት ጋር አንድ ቁጥር ውስጥ ገባሁ። ይጠናልን!

የራጅ ባለሙያው፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አትደንግጪ። በማሞግራም ስብ ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ የወተት ቱቦውና ደጋፊው ሥጋ ነጭ። ካንሰሩም ነጭ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ይደበቃል። ጥግግቱ ራሱም አደጋውን ከፍ ያደርጋል። ግን በሽታ አይደለም፤ ከ40 ዓመት በላይ ካሉት የአሜሪካ ሴቶች ግማሽ ያህሉ እንደ አንቺ ናቸው። ደረጃው ከኤ እስከ ዲ ነው፣ ጥቅጥቅ የሚባሉት ሲና ዲ ናቸው። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት ስላለ ሙሉ ሪፖርቱን ጠይቂና የትኛው እንደሆንሽ እዪ።

ሞጋች፦ እኔ የዘሩ ነገር አይዋጥልኝም። የእስያ ሴቶች ጡት ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ነው ይባላል፤ በካንሰሩ የሚያዙት ግን ከነጮቹ ያነሱ ናቸው። ጥቁር አሜሪካውያን በበሽታው የመያዛቸው መጠን ከነጮቹ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሞታቸው በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ይህን ጥግግት ያስረዳል? ሕክምና ሲዘገይ ነው ሰው የሚሞተው።

የራጅ ባለሙያው፦ ወንድሜ፣ መዘግየቱ አለ፤ ክፉ የካንሰር ዓይነት ጥቁር አሜሪካውያን ላይ መብዛቱም አለ። የእስያዎቹ ነገር ግን በከፊል የአለካክ ጉዳይ ነው። በጥናቶቹ ጥግግት የሚለካው ነጩ ሥጋ ከጠቅላላው ጡት ስንት እንደሆነ በመቶኛ ነው፤ ወፍራም ሴት ስቡ ሲበዛ መቶኛዋ ይወርዳል፣ ቀጭኗ ያንኑ ያህል ነጭ ሥጋ ይዛ መቶኛዋ ይወጣል። ክብደት ሳይስተካከል ዘርን ከዘር ያወዳደረ ሰው ኪሎ ነው ያወዳደረው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ከ22 አገሮች የ11 ሺህ ገደማ ሴቶች መረጃ ሲታይ፣ ጥግግት በዕድሜና በማረጥ የሚቀንሰው በሁሉም አገር ነው።

ሞጋች፦ እንግዲያው የእኛን ለብቻ ማጥናት ለምን አስፈለገ? ራስህ ዘጋኸው እኮ!

የአሌክሳንድሪያዋ፦ አልተዘጋም። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) ይጨመርልኝ ብዬ ስጠይቅ የሚጠቀስልኝ የሆላንዱ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዲ ደረጃ ላይ ያሉ ሴቶች ኤምአርአይ ሲጋበዙ፣ በሁለት ምርመራ መካከል ብቅ የሚለው ካንሰር ከሺህ ሴት ከ5 ወደ 2.5 ወርዷል። ደስ ይላል፤ ግን ሴቶቹ ከ50 እስከ 75 ዓመት ያሉ የሆላንድ ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ40 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም ይነሣ ያለው የአሜሪካ የበሽታ መከላከል ምክር ሰጪ ግብረ ኃይልም ስለ ተጨማሪው ምርመራ «ማስረጃው አይበቃም» ነው ያለው። ማስረጃው እስኪበቃ እኛ ካልገባንበት ሲበቃም ስለ ሌላ ሰው ይሆናል።

ሲስተር (አዲስ አበባ)፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እናንተ ስለ ሲና ዲ ስትከራከሩ እኛ ጋ እብጠቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ በኋላ ነው የሚመጡት። ብዙዎቹ 50 እንኳ ያልሞላቸው፣ ጸበልም የባህል ሐኪምም ጋ የከረሙ። አገር አቀፍ የማሞግራም ምርመራ የለንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያስቀመጠው ግብ ከጡት ካንሰሩ 60 በመቶው ገና በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ሳለ እንዲገኝ፣ ምርመራው በ60 ቀን እንዲያልቅ፣ 80 በመቶው ሕክምናውን እንዲጨርስ ነው። እሱን መቼ ደረስንበት? ለወጣት ሴት ደግሞ ማሞግራሙ ያን ያህል አያሳይም፤ አልትራሳውንድና ከእብጠቱ የሚወሰድ ናሙና ነው የሚያዋጣን።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ሲስተርዬ፣ የማያሳየው እኮ ጥግግቱ ስለሚበዛ ነው! ለጥናቱ እየተከራከርሽልኝ ነው። ደግሞ ከእናንተ በጀት ይቀነስ አላልኩም። እዚህ ማሞግራም የምንነሳው ብዙ ነን፤ ቅጹ ላይ የትውልድ አገር፣ ክብደት፣ የወሊድና የማጥባት ታሪክ ይሞላ፣ ፎቶው ከዚያ ጋር ይታይ።

ሞጋች፦ የትውልድ አገር ከሆነ እስማማለሁ። «ዘር» የሚለውን ግን አውጡት።

ሲስተር (አዲስ አበባ)፦ እኔ አሁንም አልተስማማሁም። እዚያ በነጻ የሚሠራ ከሆነ ሥሩት። እዚህ አንድ ብር ከተገኘ ግን መጀመሪያ ናሙና ለሚያነብ ፓቶሎጂስት።