የግቢ ሴንሰር መብራት፦ ለደሴ የቱ፣ ለኮምቦልቻ የቱ?

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ሰው ሲመጣ በራሱ ቦግ የሚለውን የግቢ መብራት የትኛውን ልግዛ?» ሁለቱ ደሴ ናቸው፣ አንዷ ኮምቦልቻ። ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለኝም። ሞክሬ ያየሁትን ግን እዚህ ልጻፈው። ዋጋ አልጠራም፤ በየጊዜው ይቀያየራል።

ሱቅ ስትገቡ የምታገኙት በሦስት ይከፈላል። አንደኛው በመስመር የሚሠራ ፓውዛ ከነሴንሰሩ ነው። ሌላው ሶላር ነው። ሦስተኛው ሆልደር ላይ የሚታሰር ሴንሰር አምፖል ነው።

ደሴ ያላችሁ የመስመሩን ግዙ። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል ትንሿ ሶላር ቀኑን ሙሉ ውላ ግማሽ ቻርጅ አትይዝም። የእኔዋ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ደህና ትሠራ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግን ጭል ጭል ብላ ትጠፋለች። የሚፈለገው ደግሞ ያኔ ነው።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ይሻላል። እዚያ ሶላር ብትሰቅሉ አትቆጩም፤ መብራት ሲጠፋም ግቢያችሁ አይጨልምም። ፓነሉ ከመብራቱ ተለይቶ በገመድ የሚገናኘውን ምረጡ። ፓነሉ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ መብራቱ ከታዛ ሥር ይሆናል። አቧራውን አልፎ አልፎ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ባቲና ከሚሴ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሴንሰሩ የሚያየው የሰውነትን ሙቀት ነው። ምሽቱ በጣም ሲሞቅ የአየሩና የሰውዬው ሙቀት ይቀራረብበታል፣ የሚያይበት ርቀትም ያጥራል። 12 ሜትር ያያል ተብሎ የተሸጠላችሁ እዚያ ላይደርስ ይችላል። አንድ ትልቅ ከመስቀል ሁለት ትንንሽ በሁለት ማዕዘን ይሻላል።

ሴንሰር አምፖሉ ለበረንዳና ለሽንት ቤት በቂ ነው። ስትገዙ ግን ራዳር መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ራዳሩ በቀጭን ግድግዳና በእንጨት በር አልፎ ያያል። እናንተ ሳሎን ውስጥ ስትንቀሳቀሱ ውጭው ይበራል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ የሚጥለው ሴንሰር ሳይስተካከል የተሰቀለ ነው። ከሥሩ በትንሽ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚዞሩ ማስተካከያዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው። አንዱ በርቶ የሚቆይበትን ጊዜ ይወስናል። አንዱ የሚያይበትን ርቀት ይወስናል። የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ያለው ደግሞ በምን ያህል ጨለማ ሥራ እንደሚጀምር ይወስናል። ስትሞክሩት ወደ ፀሐዩ አዙሩት፣ ቀንም ይበራል። ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ጨረቃው መልሱት።

የጊዜውን ነገር ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ከሱቅ እንደመጣ ሰቀልነው፣ ጊዜው መጨረሻው ዝቅተኛ ላይ ነበር። ሱብሂ ላይ ለውዱእ ወጣች። መብራቱ ቦግ አለላት፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ገና ፊቷን ታጥባ እግሯ ጋ ሳትደርስ ድርግም አለ። ጎንበስ ያለ ሰው ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ሴንሰሩ ይረሳዋል። በማግስቱ ወደ 3 ደቂቃ ገደማ አሳደግኩት። ከዚያ ወዲህ ጨለማ ውስጥ ቀርታ አታውቅም።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ከፍታው ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ይሁን። ሴንሰሩ ፊት ለፊት ከሚመጣ ሰው ይልቅ ከጎን ወደ ጎን የሚያቋርጠውን ቶሎ ያያል። ስለዚህ ከበሩ ትይዩ አትስቀሉት፤ የሚገባው ሰው ፊቱን አቋርጦ በሚያልፍበት ጎን ይሁን። ማድ ቤቱ ጋ አታዙሩት፣ የምድጃው ሙቀት ያነቃዋል። ድመትና ውሻ እየቀሰቀሰ ካስቸገራችሁ ከሴንሰሩ ነጭ ጉልላት የታችኛውን ጠርዝ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑት። እኔ በአንድ ጣት ስፋት ሸፍኜ ተገላገልኩ። ብርሃኑ የጎረቤት መኝታ ቤት እንዳይገባም አንድ ቀን ማታ ወጥታችሁ እዩ።

ዝናብ አያስገባም ብሎ የተጻፈበትን ብቻ አትመኑ። «IP65» የሚል (አቧራና ውሃ አያስገባም የሚል ምልክት ነው) የታተመበት ገዝቼ በመጀመሪያው ክረምት ሞተ። ስከፍተው አንድ ማንኪያ የሚሆን ውሃ ወጣ፣ የመዳብ ጫፎቹ አረንጓዴ ሆነዋል። ጥፋቱ ገመዱ ከላይ መግባቱ ነበር። ገመዱ ከታች ይግባ፣ ከመግባቱ በፊትም ትንሽ ረገብ ብሎ ይንጠልጠል፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል።

ስታስገጥሙ ሴንሰሩን ዘሎ ፌዙን (ኤሌክትሪክ ያለበትን ገመድ) በቀጥታ ለመብራቱ የሚሰጥ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አስጨምሩ። ለቅሶ ሲሆን የቅሬ (የዕድር) ሰው ሌሊቱን ግቢ ውስጥ ያድራል። የተቀመጠ ሰው ላይ በየ3 ደቂቃው መብራት መጥፋቱ ይከብዳል። ማብሪያውን ጫን ማድረግ ነው፣ እስኪነጋ ይበራል። ሌላ ደግሞ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብዙዎቹ ለግማሽ ወይም ለአንድ ደቂቃ በራሳቸው ይበራሉ። አብሽሩ፣ ሰው የለም።

ቆጣሪ ለሚያሳስባችሁ፦ ባለ 30 ዋት ፓውዛ 12 ሰዓት ሲያድር በወር 10.8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በሴንሰር በቀን ግማሽ ሰዓት ቢበራ 0.45 ብቻ ነው።

ባለሙያ ስትመርጡ ሱቁ በር ላይ ከሚጠብቁት ይልቅ የሰፈራችሁን ልጅ ጥሩ። የሱቁ በር ላይ ያሉት ፈጣን ናቸው፣ ግን ቀን ሰቅለው ሳይመሽ ይሄዳሉ። ብሬከር ሳያጠፋና ቴስተር ሳይዝ ገመድ የሚነካውን መልሱት። እኔ ዋጋ ከመነጋገሬ በፊት «ማታ ተመልሰህ አብረን እንሞክረዋለን?» እላለሁ። እሺ ያለው ነው የኔ ሰው።

ወልድያና ሐይቅ ያላችሁ፣ የሞከራችሁት ካለ ጻፉልን።