ሦስት ወር ደሴ ተቀምጦ ወሎን ለሚዞር ሰው ምን ያስፈልገዋል? ምንስ ድንገት ይሆንበታል?

መንገደኛው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ገና ማግስት ለሥራ ደሴ እቀመጣለሁ። ቤት ተከራይቼ ለብቻዬ ነው የምኖረው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ እየነዳሁ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ባቲ፣ አልፎ አልፎም ወልድያ እሄዳለሁ፤ አንዳንዴም እዚያው አድራለሁ። መጨረሻ ላይ ባለቤቴና የ4 ዓመት ልጃችን መጥተው ለገና ላሊበላ ልንሄድ አስበናል። የሚጎበኝ ቦታ ዝርዝር አያስፈልገኝም፣ እሱ የትም አለ። የአዲስ አበባን ኑሮ የለመደ ሰው በዕለት ኑሮው ላይ ድንገት የሚሆንበትን ነገር ብትነግሩኝ ነው የምፈልገው።

የሐረጎ ሾፌር፦
አብሽር ወንድሜ፣ ለሁሉም መላ አለው። ወሎ ላይ ብዙውን ነገር የሚወስነው ቁልቁለቱና ዳገቱ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተህ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣለህ፤ ሸዋ ሮቢት ስትገባ ወደ 1,300 ወርደሃል። ከሚሴን በቆላ አልፈህ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሐረጎን ወጥተህ ደሴ 2,500 ገደማ። ይህ ሁሉ 400 ኪሎ ሜትር በሆነ መንገድ፣ በአንድ ቀን ነው። ጃኬትህን ሻንጣ ውስጥ ቀብረህ ፖርቶመጋላ ላይ አትጫነው፤ ጠዋት ትለብሰዋለህ፣ ቀትር ላይ ታወልቀዋለህ፣ ማታ ደሴ ስትገባ መልሰህ ትፈልገዋለህ።

የስንቅ ጣጣም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ንጥር ቅቤ ከአዲስ አበባ ረግቶ ይነሳና ሸዋ ሮቢት ላይ ዘይት ይሆናል። ክዳኑ ከላላ በርበሬውን አርሶ ልብስህ ውስጥ ይገባል፤ ደሴ ላይ መልሶ ሲረጋ ሸሚዙም ቅቤውም አንድ ላይ ተጣብቀው ታወጣቸዋለህ። ጠመዝማዛ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከአፉ ሁለት ጣት ያህል አጉድለህ ሙላው። አፉ ላይ ፌስታል ጣል አድርገህ ክዳኑን አጥብቅ፣ ለብቻው ቋጥረህ ሳታጋድመው እግርህ ሥር አስቀምጠው።

አሁን ወደ መኪናው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። አዲስ ሰው ፍሬን እየረገጠ ይወርዳል። ፍሬኑ ይግላል፣ ሸራው መሽተት ይጀምራል፣ ከዚያ ፔዳሉን እስከ ታች ብትረግጠውም አይዝልህም። በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ፒክአፕ ከሆነ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። መኪናውን ሞተሩ ይያዘው፣ አንተ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ ብቻ አድርግ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣብህ ሰፊ ቦታ ላይ ቁምና 20 ደቂቃ ያህል አሳርፈው። ውሃ ግን እንዳታፈስበት፣ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ሽቅብ ስትመለስ ሞተሩ ከጋለ ደግሞ የራዲያተሩን ክዳን እንደጋለ እንዳትነካው፤ የፈላው ውሃ ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው።

ዳገት ላይ ስትቆም ማርሽ አስገባ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አድርግ። ስትነሳ ድንጋዩን አንስተህ ከአስፋልቱ ውጭ ጣለው። ይህን ሳያደርጉ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው ለኋለኛው ሰው ጎማ ማፈንጃ የሚያስቀምጡት። ስኮርታህ ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩ ደግሞ እንደሚያነሳ ከመውጣትህ በፊት እይ፤ የመሥሪያ ቤት መኪና ላይ ከሁለቱ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ከመሸ አትንዳ። ጊዜው ጊዜ ነውና ጠዋት መናኸሪያ ብቅ ብለህ ከምትሄድበት አቅጣጫ የመጣ ሾፌር ጠይቅ፤ ከዚያ የተሻለ ዜና የለም። መታወቂያህና የሥራ ደብዳቤህ ከእጅህ አይለዩ።

እትዬ ከሰኞ ገበያ፦
ልጄ፣ ሾፌሩ ስለ መንገዱ ብሏል፤ እኔ ስለ ቤቱና ስለ ገበታው ልንገርህ።

ጥቅምት ላይ ስትመጣ ደህና ነው፤ ብርዱ የሚብሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ እዚሁ ገበያ ታገኛለህ፣ አትሸከም። የምፈራልህ ሌላ ነው። መብራት ሲሄድ ሰው የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ፍሙ ከቀላ በኋላ ጭሱም ሽታውም ስለሌለ ያለፈ ይመስላል፤ የሚገድለው ግን እሱ ነው። ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፣ ቡናውም ምግቡም በር ተከፍቶ ይፈላ፣ ከመተኛትህ በፊት ምድጃው ከቤት ይውጣ። ውሃ በፈረቃ ሊሆን ስለሚችል የገባህ ዕለት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግዛ፤ ለመጠጥ የምታፈላውን ደግሞ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ አቆየው፣ ደጋ ላይ ውሃ በደንብ ሳይግል ነውና የሚፈላው።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ እስከ ገና ድረስ የክርስቲያን ምግብ ቤቱ ሁሉ በያይነቱ ነው። ሥጋና ወተት ከፈለግህ የእስላም ምግብ ቤት አለልህ። ጿሚ ከሆንክ ደግሞ የእስላም ቤት ገብተህ «የጾም አለ?» ብለህ ጠይቅ፤ ማንም አይቀየምም። ሥጋ ቤቱም ሁለት ነው፣ ከመግባትህ በፊት በሩ ላይ ያለውን ምልክት እይ። ዓርብ ከቀትር ጀምሮ ለጁምዓ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ የምትገዛው ነገር ካለ እስከ 5 ሰዓት ጨርስ።

ሰው ቤት ስትጠራ፣ መጠራትህ አይቀርምና፣ ሥጋ ይዘህ አትሂድ፣ መጠጥም አትያዝ። ግማሽ ኪሎ ቡናና አንድ ኪሎ ስኳር ለየትኛውም ቤት ይሆናል። ሠርግ ላይ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ለየብቻ ስለሚታረድ «የእኔ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም አስተናጋጁን ታቀልለታለህ። በጣሳ የሚቀርብልህ ጠላ የመሰለ ነገር ቀሪቦ ሊሆን ይችላል፤ ከተቆላ ገብስ የሚሠራ፣ ስኳርና እርሾ የገባበት፣ ጣፈጥ ያለ ነው። ቡና ላይ አቦል ጠጥተህ አትነሳ። ቸኩለህም ከሆነ ቀድመህ ተናገር፣ ምርቃቱን ሰምተህ አሜን ወይም አሚን ብለህ ውጣ። ዱዓ እየተደረገ መነሳት ግን በጣም ነው የሚከፋው።

ባለ ሚኒባስ፦
ኮምቦልቻ ለመሄድ ብቻ መኪና አታንቀሳቅስ፣ ከመናኸሪያ ሚኒባስ እየሞላ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ፦ ዕቃ ካለህ የጭነቱን ዋጋ ከረዳቱ ጋር ሳይጫን በፊት ተስማማ። ከተጫነ በኋላ ክርክሩ ያንተ አይደለም። ለረጅም መንገድ ትኬት ከዋዜማው ቁረጥ። «11 ሰዓት» ሲሉህም የሌሊቱን ነው፤ ከሰዓት በኋላ መስሎት የሚመጣ አይጠፋም።

ነርሷ፦
ማንም ያላነሳውን ልጨምር፦ ወባ። ደሴ ከተማ ላይ ሥጋት አይደለም። ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ባቲ፣ ወደ ሰሜን ከሄድክ ደግሞ ቆቦ ግን ቆላ ናቸው፤ የምትመጣበት ጊዜም ክረምቱ ወጥቶ ወባ የሚበረታበት ነው። ቆላ በምታድርበት ሌሊት አጎበር የግድ ነው። የሆቴሉ አጎበር ቀዳዳ ካለው በክር ቋጥረው፣ ጠርዙን ፍራሹ ሥር አስገባው። ከ12 ሰዓት በኋላ ውጭ ከተቀመጥክ ረጅም እጅጌና ካልሲ ልበስ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ትንኟ በነከሰችህ ማግስት አትታመምም፣ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ያን ጊዜ አንተ ደሴ ተመልሰሃል፤ ሲያንቀጠቅጥህ «የደሴ ብርድ ነው» ብለህ ዝንጅብል ታፈላለህ። ከቆላ በተመለስክ በወሩ ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ከመጣብህ በዚያው ቀን የደም ምርመራ አድርግ። ለመርማሪው «ከሚሴ አድሬ ነበር» ብለህ ንገረው፤ ካልነገርከው ደጋ ነዋሪ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት በግምት ገዝተህ አትጀምር፣ የወባው ዓይነት ሳይታወቅ የሚሰጠው አንድ አይደለምና። ልጅህን ይዘህ ቆላ ባታድር ይመረጣል።

መንገደኛው፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ በተለይ። ወባውን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ባቲ ገበያ መግባት የሚሻለው ስንት ሰዓት ነው? ቤተሰቤ ሲመጡ ደግሞ በመንገዳችን ሐይቅ እስጢፋኖስን ብናይ ብለን ነበር።

የባቲ ልጅ፦
ባቲ ገበያው ሰኞ ነው። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል አስፋልት ነው፣ ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ። አፋሮቹ ከሩቅ ስለሚመጡ ገበያው በጠዋት ጭር ያለ ሊመስልህ ይችላል፤ የሚሞላው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ለደጋ ሰው አይቻልም። ስለዚህ 4 ሰዓት ገብተህ 6 ሰዓት ውጣ፣ በሰው ሁለት ሊትር ውሃ ያዝ። በዚያ ቀን መንገዱ ግመልና አህያ ነው። ግመል ላይ ጡሩምባ አታንጣጣ፣ ይደነብርና ወደ አንተው ይዞራል። ቀስ ብለህ ተከተለው፣ ነጂው ራሱ ያሳልፍሃል። ሳትጠይቅ ፎቶ አታንሳ፣ አፋር ላይ በተለይ። የግመሉ ተራ ላይ ከኋላ እግሩ ራቅ በል፤ ዝርዝር ብርም ለየብቻ ይኑርህ፣ ኔትወርክ ከሌለ በስልክ መክፈል የለም።

ደብተራው፦
ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ወደ ወልድያ ስትሄድ መንገድህ ላይ። የወንዶቹ ገዳም፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ሴት አያስገባም። ይህን ሳያውቁ ከነቤተሰብ ሄደው በር ላይ የሚለያዩ ብዙ ናቸው። ባለቤትህ ሐይቁ ዳር ሆና ዓሣ ብትበላ (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንጀምር) አንተ በአንድ ሰዓት ደርሰህ ትመለሳለህ።

የላሊበላን ነገር ግን አሁኑኑ ጀምር። ለገና መኝታ የሚያልቀው ከወራት በፊት ነው። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያ የድልብን ዳገት ወጥተህ ጋሸና፣ ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር። ሙሉ ቀን ያዝለት፤ ከዋዜማው ሳይሆን ታኅሣሥ 26 ወይም 27 ግባ። ጋሸና ላይ ብርዱ ከደሴ ይብሳል፣ የልጁ ወፍራም ልብስ ከላይ ይሁን። ዳገቱ ላይ ጆሮው ሲደፈን ውሃ ጉንጭ ጉንጭ እያለ ይጠጣ።

አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው፣ በየበሩ ጫማ ይወለቃል። ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጉ፣ የራሳችሁን ፌስታል ይዛችሁ ጫማችሁን አብራችሁ ያዙ። ምንጣፉ ቁንጫ አያጣም፤ ረጅም ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ የሱሪውን ጫፍ ውስጥ አስገቡ። በዋሻ መተላለፊያዎቹ ጨለማ ስለሆነ ትንሽ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ስልክ ይዞ ልጅ ማቀፍ አይመችም። በቤተ ማርያም የገና ጠዋት ዝማሬ፣ ቤዛ ኩሉ፣ ላይ ሕዝቡ ስለሚጨናነቅ ልጁን ይዛችሁ መሀል አትግቡ፣ ከላይ ካለው ዳርቻ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ገደሉ መከለያ የሌለው ቦታ አለ። መመለሻችሁን ለበዓሉ ማግስት አታድርጉት። ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጠዋት ነው የሚወጣው፤ አንድ ቀን አሳልፋችሁ ጥር 1 ተነሱ።