ካሜራ ይዤ፣ ሆዴን ባዶ አድርጌ ወደ ድሬና ሐረር ልመጣ ነው፤ የት ልጀምር?

ሚጢ_ከአራዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ግራፊክ ዲዛይን ነው። ቀኑን ሙሉ የብስኩት ማሸጊያና የሱቅ ታፔላ ስሠራ እውላለሁ። አዲስ ከተማ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ታፔላ፣ በርና የሻይ ብርጭቆ ላይ ነው። እናቴ "ይሄን ሁሉ ብር አውጥተሽ የበር ፎቶ ይዘሽ መጣሽ?" ትለኛለች። አዎ፣ የበር ፎቶ።

አሁን ፈቃድ ወጥቼ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ልገባ፣ ከዚያ ሐረር ልወጣ ነው። ብዙ ቀን የለኝም። ካሜራዬ ትንሽዬ ናት፤ ሌንሱ 35 ሚሊ ሜትር። ፍላሽ የለኝም፣ ቢኖረኝም አልወድም።

የትኛው ከተማ ልደር? ቁርስ የት ሰፈር ልፈልግ? ስለ ፈጢራ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እዚህ የበላሁት ግን ዘይት የጠጣ ቂጣ ነው። የሐረሪ ቤት ውስጥ ፎቶ ማንሳትስ ነውር ነው? ሰው ስታነሱ ትከፍላላችሁ?

እና እባካችሁ ጅብ ብቻ አትበሉኝ። ጅቡን አየዋለሁ። ከጅቡ ሌላ ንገሩኝ።

የከዚራ_ልጅ፦

አቦ ይመችሽ! ግን ድሬን የአውሮፕላን ማረፊያ ብቻ አታድርጊያት። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገን። ይወርዳል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሽው።

ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ሐረር ዳገቱ ላይ ቀረች፣ ከተማው ሜዳው ላይ ተቆረቆረ። ለዚህ ነው ሰፈሬ ከዚራ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስለው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ፣ ቤቱ ዝቅ ያለና ባለ በረንዳ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረሽ መጋላ ሰፈር ስትገቢ ደግሞ ሌላ ከተማ ነው፤ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ሰው ይጋፋል፣ ቅመሙ ያስነጥሳል። ታፔላ ለምትወጂ ልጅ የድሮው ለገሃር ፊቱ ላይ ያለው የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ብቻውን ጠዋትሽን ይበላዋል። ጥበቃውን ሳታናግሪ ግን ካሜራ እንዳታወጪ።

ቀፊራ ገበያ ማልደሽ ሂጂ፤ ቅስቶቹን አይተሽ ነው የምትፈዢው። ከ6 ሰዓት በኋላ ፎቶም ሆነ ሰው የለም። ድሬ ትተኛለች፣ ወይ ጫት ይዛ በርጫ ላይ ናት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትነሳለች። ያኔ የተጠበሰ ባጊያ በዳጣ፣ ጣፋጩ ሙሸበክ፣ ሻይ፣ በረንዳ ላይ ወሬ። ሙቀቱን ካልፈራሽ አንድ ሌሊት እዚህ እደሪ።

ጁገል_ተወልጄ፦

እህቴ፣ የተወለድኩት ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር ውስጥ ነው፤ እንጀራዬ የሰርግ ፎቶ ነው። ስለዚህ ከብርሃን ልጀምር።

ካሜራ ያለው ሰው ሁሉ ሐረር ሲመጣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ጁገል ይገባል። የማለዳ ብርሃን ያምራል ተብሎ ተነግሮታላ። ለግንቡ ከውጪ ይሆናል። ለውስጡ ግን አይሠራም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ከፍ ያለ ነው፤ በማለዳ ፀሐይ መሬት አትነካም። እስከ 3 ሰዓት ተኚ ወይ ብዪ። ወደ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ የአንዱን ግድግዳ ግማሽ ትይዛለች። ያ ግድግዳ የተቀበለውን ጥላ ውስጥ ላለው ፊት ለፊቱ ይመልስለታል። ኖራ የተቀባ ነጭ ከሆነ የሰው ፊት ላይ የሚወድቀው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ሙሽሮች የማቆመው እዚያ ነው። አረንጓዴ ግድግዳ ፊት ካቆምኩ ሙሽራዋ አረንጓዴ ትሆንብኛለች፣ እናቷም ገንዘቤን መልስ ትለኛለች። ለሰው ነጭ ፈልጊ። ለበር እንደፈለግሽ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ኢንተርኔት ላይ ያየሽውን ሮዝ ግድግዳ ስትፈልጊ አትንከራተቺ። ቤት በየጊዜው ይቀባል፣ በተለይ ረመዳን ሲቃረብ። ሮዙ ዛሬ ቢጫ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሆድሽ ልምጣ። ፈጢራ ስታዢ ጀርባሽን ሰጥተሽ አትቀመጪ፣ ቆመሽ እዪው። ልጁ ሊጡን ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ ይገፋዋል፣ ጠርዙን ይዞ ይስበዋል፣ እንደገና ይገፋዋል፤ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ እስኪታይ ድረስ። እንቁላል ይሰብርበታል፣ በጣቱ ይበትነዋል፣ አራቱንም ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፎ እንደ ፖስታ ያሽገዋል። ከዚያ የጋለው ብረት ላይ። ጠርዙ ሲንኮሻኮሽ መሃሉ ለስላሳ ሆኖ ከመጣ ማሩን አፍስሺበትና ብዪ። አዲስ አበባ ያጋጠመሽ ሊጡ በደንብ ሳይሳሳ ብረቱም ሳይግል የተጠበሰ ይመስለኛል። ጥሩ ፈጢራ ቤት ታፔላ የለውም። ፈረስ መጋላ አደባባይ አካባቢ ጠዋት ሰው የቆመበትን እዪ። ካሜራሽን ልጁ ሊጡን ሲስብ አውጪው፤ ደስ ይለዋል፣ ትንሽም ያበዛዋል።

አሁን ወደ ቤቱ። ጌይ ጋር ማለት የኛ የድሮው ቤት ነው። ጫማሽን አውልቀሽ ትገቢያለሽ። ፊትሽ ያለው ከፍና ዝቅ ያለው ቀይ መቀመጫ ነደባ ነው፤ ወጉን የጠበቀ ቤት አምስት አለው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። አሚር ነደባ የአባወራውና የክቡር እንግዳ ነው፣ ካላስቀመጡሽ አትውጪበት። ቀዩ አፈር በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ጦርነት ላይ ያለቁትን ለማስታወስ ነው ይባላል። ግድግዳው ስፌትና ሳህን በሳህን ነው። አንቺ የዲዛይን ሰው ነሽ፣ እዚያ አንገትሽ ይጣመማል።

ግን ወዲያው ካሜራ አታውጪ። ቁጢ ይቀርብልሻል፣ የቡና ቅጠል ነው የሚፈላው። ጠጪ። ስፌቱን ማን እንደሰፋው ጠይቂ። እናትዋ፣ አክስትዋ፣ ራሷ ናት። ያን ጊዜ ሴትየዋ "ይሄንንም አንሺው" እያለች ከጓዳ ታመጣልሻለች። ሳትጠጪ ካነሳሽ ግድግዳውን ብቻ ይዘሽ ትወጫለሽ። ብርሃኑ በብዛት የሚገባው በበሩ ነው፤ ስለዚህ በሩን ከጀርባሽ አድርጊ፣ የምታነሽው ሰው ወደ በሩ ይይ። ዋይት ባላንሱን ለካሜራው ከተውሽው ቀዩን ያደበዝዝብሻል። አንቺው ቆልፊው።

ማደሪያ ለጠየቅሽው፤ ጁገል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ ጌይ ጋሮች አሉ። እዚያ እደሪ፣ ሆቴሉን ተዪው።

ሌላውን ባጭሩ። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎቹ ውጪ ናቸው፣ ጨርቁም ቀለሙም እዚያ ነው። ጊዲር መጋላ ገበያ ሥጋ ተራው ጋ ጭላቶቹ ከላይ ያደባሉ፤ ፌስታል ይዘሽ አትንገዋለዪ፣ ሥጋው በክንፍ ይሄዳል። ራምቦ ቤት ግቢ። ገጣሚው አርተር ራምቦ እዚህ ነጋዴ ሆኖ ሲኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1883 በራሱ ካሜራ ፎቶ ያነሳ ነበር። የድሮ ሐረር ፎቶዎችም እዚያ ተሰቅለዋል። ከላይኛው ፎቅ ጁገልን ታያለሽ።

ክፍያን በተመለከተ፦ ገበያ ላይ ለምታነሻት ሴት ትንሽ ብር ብትሰጪ ችግር የለውም። ሥራ አስፈትተሻታል።

ሹክሹክታ_ሸዋበር፦

ጁገል_ተወልጄ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ከመጨረሻው በቀር። ለፎቶ ብር መስጠቱን ተዪው። እኔ ሸዋ በር አጠገብ ኦቾሎኒ እሸጣለሁ። አንዱ ብር ሰጥቶ ካነሳ በኋላ የሰፈሩ ልጆች ትምህርታቸውን ትተው እንግዳ ተከትለው ሲሮጡ ይውላሉ። ኦቾሎኒ ግዢኝ፣ አሳምረሽ አንሺኝ። ሎሚም አለ። "አይሆንም" ያለችሽን ሴት ደግሞ ከሩቅ ሰርቀሽ አታንሺ፤ እኛ እናያለን።

ባለ ሰማያዊና ነጭ አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲ ካጋጠመሽ ተሳፈሪ። እያለቁ ነው። ውስጡን አንሺው፣ ሹፌሮቹ ዳሽቦርዱን እንደ ሳሎን ነው የሚያስጌጡት።

ጁገል_ተወልጄ፦

ሹክሹክታ፣ አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ ለአንቺ ይቀናሻል። እንጨት ተሸክማ የመጣችው ሴትዮ ምን ትሽጥላት? ለልጆቹ ባለመስጠት ግን እስማማለሁ።

ሚጢ_ከአራዳ፦

ወይኔ፣ ርቦኝ ነው ያነበብኩት። እንግዲህ ድሬ አንድ ሌሊት፣ የቀረውን ጁገል ውስጥ። ኦቾሎኒውን እገዛለሁ፣ እንጨት የተሸከመችዋን እከፍላታለሁ፤ ሁለታችሁም አትጣሉ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ከድሬ ወደ ሐረር በስንት ሰዓት ብነሳ ይሻላል? ዓመት በዓል ላይ መምጣትስ?

የከዚራ_ልጅ፦

ሚኒባሱ ሲሞላ ነው የሚነሳው፤ ጠዋት ቶሎ ይሞላል። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ግን ደንገጎ ዳገት ጥምዝምዝ ነው፤ ሆድ የሚያገላብጥሽ ከሆነ ፈጢራውን ሐረር ብዪው። ከፊት ከሹፌሩ ጎን ቦታ ያዢ፣ ሜዳው ከታች ሲቀር ይታይሻል። ሹራብ ያዢ፤ ድሬ ያላበሽ ልጅ ሐረር ማታ ትንቀጠቀጫለሽ። አወዳይ ላይ መኪናው ጫት ለመግዛት ከቆመ ወርደሽ ገበያውን እዪ። ሰው ሳታስፈቅጂ ግን አታንሺ፣ እዚያ ቀልድ የለም። ኬላና ወታደር ስታዪ ደግሞ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ።

በዓሉን ሐረሪው ይንገርሽ።

ጁገል_ተወልጄ፦

ሸዋል ዒድ ላይ ነይ። ረመዳን አልፎ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ስንጨርስ የምናከብረው ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 መዝግቦታል። ሴቶቹ የሚለብሱትን ቀለም እኔ በጽሑፍ አልሞክረውም። ማደሪያ ግን አስቀድመሽ ያዢ፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ያን ሰሞን ነው የሚገባው፣ አልጋ አይገኝም። ከመጣሽ ጻፊልኝ፤ ሰርግ ካለብኝ ረዳት እፈልጋለሁ፣ ምሳ በኔ ነው።