አስቸኳይ፦ የወጪ ፓኬት ታይምስታምፕ ከድራይቨሩ አይመለስም

ሰዓት_ጠባቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቦርዱን ነገ ጠዋት አስረክባለሁና እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። የሊኑክስ ኔትወርክ ድራይቨራችን ላይ የሃርድዌር ታይምስታምፕ፣ ማለትም ፓኬት ሲወጣና ሲገባ ቺፑ ራሱ የሚመታውን የጊዜ ማህተም፣ ጨምሬ ነበር። የገቢው ጥሩ ይሠራል፣ የወጪው ግን ጭራሽ አይመለስም። ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክለውን የፒቲፒ ፕሮግራም፣ ፒቲፒ4ኤልን፣ ሳስነሳው ወዲያው "የወጪ ታይምስታምፕ ስጠብቅ ጊዜው አለፈ፣ የድራይቨር ችግር ሳይሆን አይቀርም" የሚል ይጽፍና ፖርቱን ብልሽት ላይ ነው ይለዋል። 16 ሰከንድ ቆይቶ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። የኔትወርክ ካርዱን ሁኔታ የሚያሳየውን ኢትቱልን በትልቁ ቲ (-T) ስጠይቀው ወጪም ገቢም በሃርድዌር አለ ይለኛል፣ የቺፑንም ሰዓት ፒቲፒ0 ብሎ ያሳየኛል። በሶፍትዌር ሞድ ሳስኬደው ምንም ችግር የለም። ምን ጎድሎ ነው?

ጎፋ_ኔት፦
ታይምአውቱን ከፍ አድርገው። በቆዩት የሊኑክስፒቲፒ (ፒቲፒ4ኤል ያለበት ጥቅል) ስሪቶች መነሻው 1 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ኮንፊጉ ላይ ቲኤክስ_ታይምስታምፕ_ታይምአውትን 50 በለው፣ ይስተካከላል።

ሰዓት_ጠባቂ፦
100 ብዬዋለሁ። ያው ነው።

አበራሽ_ኬ፦
የከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ስሪት ስንት ነው? ቺፑ ምንድን ነው? ታይምስታምፑን ቺፑ በሚያሰማው ጥሪ፣ በኢንተራፕት፣ ነው የምትቀበለው ወይስ ጊዜው የሚቀመጥበትን የቺፑን ሬጅስተር እየዞርክ ታያለህ? ይህን ሳትነግረን የሚሰጥህ መልስ ሁሉ ግምት ነው።

ቀላል_መንገድ፦
ወንድሜ፣ ሃርድዌሩ ለምን አስፈለገህ? ለአንድ ቢሮ ኔትወርክ ክሮኒ የሚባለውን የሰዓት ማስተካከያ ፕሮግራም ጭነህ መገላገል ትችላለህ። በሶፍትዌር ታይምስታምፕም ቢሆን በጥቂት አስር ማይክሮሰከንድ ውስጥ ትገባለህ። ሰው ሁሉ ናኖሰከንድ እያለ ከርነል ሲነካካ ጊዜው ያልቃል።

ሰዓት_ጠባቂ፦
ቢሮ አይደለም። የኃይል መስመር ላይ የሚቀመጥ የፌዘር መለኪያ ነው፤ የሞገዱን መጠንና አንግል ከትክክለኛ ሰዓት አንጻር ይለካል።

ቀላል_መንገድ፦
እሱም ቢሆን። 50 ኸርዝ ላይ የሚፈቀደው የ1 በመቶ ስህተት ወደ ጊዜ ሲቀየር 31 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ይበቃሃል።

አበራሽ_ኬ፦
አይበቃውም። ያ 31 ማይክሮሰከንድ ለሰዓቱ ብቻ የተተወ አይደለም፤ የመጠን ስህተቱም፣ የፊልተሩ ስህተትም የሚቆረጡት ከዚያው ነው። የኃይል ዘርፉ የፒቲፒ ፕሮፋይል ሰዓቱን በ1 ማይክሮሰከንድ ውስጥ እንዲያደርስ የሚጠበቀውም ለዚህ ነው። የሶፍትዌር ታይምስታምፕ የሚመታው ፓኬቱ ለቺፑ ከመሰጠቱ በፊት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ወረፋ ላይ የሚቆየውን ጊዜ አያየውም። በ1 ጊጋቢት መስመር ከፊቱ አንድ ባለ 1500 ባይት ፓኬት ብቻ ቢቀድመው 12 ማይክሮሰከንድ አለቀ። ልጁ ሃርድዌር መፈለጉ ትክክል ነው፤ ጥያቄውን እንመልስለት።

ጋሽ_ሶኬት፦
ልጄ፣ መንገዱን ከሥሩ እወቀው፣ አለዚያ ዛሬ ብትጠግነው ነገ ሌላ ቦታ ይሰበርብሃል። ድሮ ከርነሉ ይሰጠን የነበረው የገቢ ፓኬት የሶፍትዌር ጊዜ ብቻ ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት የሶኬት (ፕሮግራሙ ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኝበት በር) አማራጭ፣ ኤስኦ_ታይምስታምፒንግ፣ የመጣው በ2.6.30 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2009፤ የፓትሪክ ኦሊ ሥራ ነው። የቺፑን ሰዓት ራሱን እንደ ዲቫይስ አውጥቶ የሰጠን ደግሞ ሪቻርድ ኮክራን ነው፣ በ3.0፣ በ2011።

አሁን የወጪውን ፓኬት ተከተለው። ፕሮግራሙ በሶኬቱ ይጠይቃል። ከርነሉ ኤስኬቢው (ፓኬቱን የሚይዘው የከርነሉ መዋቅር) ላይ የሃርድዌር ጊዜ ይፈለጋል የሚል ምልክት ያደርጋል። ድራይቨርህ ምልክቱን አይቶ ቺፑን ያዘዋል፣ ጊዜው ከሃርድዌሩ ይመጣል የሚለውን ምልክት፣ ኤስኬቢቲኤክስ_ኢን_ፕሮግረስንም፣ ያበራል። ይህ የሚበራው የሶፍትዌሩን ማህተም የሚመታው ኤስኬቢ_ቲኤክስ_ታይምስታምፕ ከመጠራቱ በፊት መሆን አለበት፤ አለዚያ የሶፍትዌሩ ማህተም ቀድሞ ይሄድና ፕሮግራሙን ያደናግረዋል። ጊዜው ከቺፑ ሲደርስ ኤስኬቢ_ቲስታምፕ_ቲኤክስን ትጠራለህ። እሱ የኤስኬቢውን ቅጂ ሠርቶ፣ ጊዜውን አሳፍሮ፣ ወደ ሶኬቱ የስህተት ወረፋ ይልከዋል። ፕሮግራሙ ከዚያ ሲያነብ ሦስት ቦታ ያገኛል፦ አንደኛው የሶፍትዌር ነው፣ መካከለኛው ድሮ የቀረ ነው፣ ሦስተኛው የሃርድዌሩ ጥሬ ጊዜ ነው። በሃርድዌር ሞድ ፒቲፒ4ኤል የሚጠብቀው ሦስተኛውን ነው። በሶፍትዌር ሞድ ከሠራልህ የስህተት ወረፋው ደህና ነው ማለት ነውና ፍለጋህን ከዚያ በታች አድርግ።

ጎፋ_ኔት፦
ታይምአውቱን 100 ስትለው ፒቲፒ4ኤልን እንደገና አስነስተኸዋል? ብዙ ሰው ኮንፊጉን ቀይሮ ማስነሳቱን ይረሳል።

ሰዓት_ጠባቂ፦
አስነስቻለሁ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ባሉት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ አየሁት። ምልክቱ አለ። ኢን_ፕሮግረስ ቀድሞ ይበራል። ኤስኬቢው ቶሎ እንዳይለቀቅ በኤስኬቢ_ጌት ይዤዋለሁ። ኢንተራፕቱ ይመጣል፣ ሬጅስተሩን አነባለሁ፣ ቁጥሩም ልክ ነው፤ አትሜ አይቼዋለሁ። ከዚያ ኤስኬቢ_ቲስታምፕ_ቲኤክስን እጠራለሁ፣ ፕሮግራሙ ጋ ግን ምንም አይደርስም።

ሻይ_በቶሎ፦
ልዩነቱ ድፍን 6 ሰዓት ከሆነ ድራይቨሩን ተወው፣ ቺፑ አበሻ ነው 😄
የምሬን ግን፦ ፓኬቱን በምታስወጣበት ፈንክሽን ውስጥ፣ ታች አካባቢ፣ ኤስኬቢ_ኦርፋን የሚል መስመር አለ? በቆዩ ድራይቨሮች አይቼዋለሁ፤ የሶኬቱ ማህደረ ትውስታ ቶሎ እንዲለቀቅ ብለው ያስገቡታል። እሱ ኤስኬቢውን ከሶኬቱ ይቆርጠዋል። ኤስኬቢ_ቲስታምፕ_ቲኤክስ ደግሞ ሶኬት የሌለው ኤስኬቢ ሲደርሰው ምንም ሳይናገር ይመለሳል። ስህተት አይጽፍም፣ ሎግ ላይም የለም። የሶፍትዌሩ የሠራልህ ከዚያ መስመር በፊት ስለሚመታ ነው።

ቀላል_መንገድ፦
እኔ አሁንም ክሮኒ እላለሁ። እሱም እኮ ቺፑ ከቻለ የሃርድዌር ታይምስታምፕ ይጠቀማል።

አበራሽ_ኬ፦
ይጠቀማል፣ ግን የሚጠቀመው በዚሁ በተሰበረው መንገድ ነው።

ሰዓት_ጠባቂ፦
አለ! መስመሩ ድራይቨሩ ከመጣበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው ነው። የሃርድዌር ጊዜ ለተጠየቀባቸው ፓኬቶች እንዳይጠራ አደረግኩ፣ ታይምአውቱም ጠፋ። ሻይ በቶሎ፣ እጅህ ይባረክ፣ ሌሊቱን አተረፍክልኝ።
ግን አሁን የቺፑ ሰዓት ከሲስተሙ ሰዓት በ37 ሰከንድ ይቀድማል። ቺፑ ውስጥ ጊዜ ሳነብ የምሳሳተው ነገር ይኖር ይሆን?

አበራሽ_ኬ፦
አይደለም፣ ትክክለኛው እሱ ነው። ፒቲፒ የሚያጓጉዘው ታይ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ጊዜ ነው፤ የሲስተሙ ሰዓት የተለመደው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ዩቲሲ ነው። ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ልዩነታቸው 37 ሰከንድ ነው። የቺፑን ሰዓት ወደ ሲስተሙ ሰዓት የሚያደርሰውን ፒኤችሲ2ሲስን በትንሹ ደብልዩ (-w) አስነሳው፣ ልዩነቱን ከፒቲፒ4ኤል ጠይቆ ያስተካክልልሃል። አደራህን፣ ድራይቨሩ ውስጥ ገብተህ 37 እንዳትቀንስ። እንዲህ ያለ ኮድ አይቻለሁ፤ ቀጣዩ ሰው ያንን ቁጥር ሲያገኝ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

ጋሽ_ሶኬት፦
ከማስረከብህ በፊት ጫና አድርግበት። ፒቲፒ ብቻውን ሲሄድ በሰከንድ ጥቂት ፓኬት ነው፤ መስመሩን በፓኬት የሚሞላውን አይፐርፍን አብረህ ስታስነሳው ነው ነገሩ የሚለየው። ቺፕህ ለወጪ ታይምስታምፕ አንድ ሬጅስተር ብቻ ካለው፣ አንዱ ሳይነበብ ሁለተኛ ማዘዝ አይቻልም። የኢንቴሉ አይጂቢ ድራይቨር እንዴት እንደሚያደርገው ተመልከት፦ በሥራ ላይ ነው የሚል ቢት ይይዛል፣ ሁለተኛ ጠያቂ ሲመጣ ይዘለውና ቆጣሪ ላይ ይመዘግበዋል። ጊዜው ሳይመጣ ከቀረም ሬጅስተሩን አንብቦ ያጸዳዋል፤ ካልጸዳ ቀጣዩን አይዝም። አንተም የተዘለለውንና የጠፋውን ለየብቻ ቁጠር፣ በኢትቱል ይታይ።

ጎፋ_ኔት፦
ጫና ሲበዛ ታይምአውቱ 50 ቢሆን ጥሩ ነው።

ጋሽ_ሶኬት፦
አሁን ልክ ነህ፣ እዚህ ጋ ይረዳዋል።

አበራሽ_ኬ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በኤስኬቢ_ጌት የያዝከውን ኤስኬቢ ኬብሉ ሲነቀል ወይም ኢንተርፌሱ ሲወርድ ማን ይለቀዋል? ታይምስታምፑ ከእንግዲህ አይመጣም፣ ስለዚህ ዳውን በምታደርግበት ቦታ የሚጠብቀውን ሥራ ሰርዝና ኤስኬቢውን ፍታው፣ ቢቱንም አጥፋ። ይህ ከሌለ መስመሩ ተመልሶ ሲመጣ ያ ቢት እንደበራ ይቀርና ከዚያ በኋላ የሚመጣ የሃርድዌር ጥያቄ ሁሉ ይዘለላል፤ የዛሬው ምልክት ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ደግሞ ኬብል መነቀሉ አይቀርም። ኬብሉን ነቅለህ ሰክተህ ሞክረውና እንዴት እንደሆነ ጻፍልን። የከርነሉንም ስሪት አሁንም አልነገርከንም፤ በአዲሶቹ ላይ የታይምስታምፕ ማዋቀሪያው በአዮክትል (በአጠቃላዩ የትእዛዝ ጥሪ) ሳይሆን በራሱ ፈንክሽን ነው የሚገባው፣ ኮዱን ወደ ዋናው ከርነል መላክ ከፈለግክ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።