ማንደጃው ይነሳ ወይስ ይቅር? ቅዳሜ ሠራተኞች ይመጣሉ

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ጊዜም የለኝም። ከስድስት ዓመት ቁጠባ በኋላ ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ ቤት ገዛን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በ1890ዎቹ የተሠራ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ እዚህ «ቪክቶሪያን» የሚሉት ዓይነት አሮጌ ቤት ነው። ሳሎኑ ውስጥ የብረት እሳት ማንደጃ አለ፤ ግራና ቀኙ አበባ በተሳለበት ሸክላ የተለበጠ። ጣሪያው መሃል ላይ ትልቅ የጂፕሰም አበባ አለ። ባለቤቴ ሁሉም ይነሳ ይላል። «ስድስት ዓመት የለፋሁት አሮጌ ቤት ውስጥ ልኖር አይደለም» ነው የሚለኝ፤ እኔም አልፈርድበትም፣ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረው እሱ ነው። ግራጫ ሶፋና የመስታወት ጠረጴዛ ገዝተናል። እኔ ግን ማንደጃውን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ቅዳሜ ሠራተኞቹ ይመጣሉ። ይነሳ ወይስ ይቅር? ከቀረስ አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው ጋር እንዴት ይስማማል? ምን ዓይነት ቀለም ልቀባ?

አናጺው፦
እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ አገር ቤት ስጠግን ኖሬያለሁ፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ቤት ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ። ሰዎቹ የሚያነሱት ብረቱን ብቻ ነው ወይስ ወደ ክፍሉ ገፋ ብሎ የወጣውን የጭስ ማውጫ ግንብ ጭምር? ብረቱን ብቻ ከሆነ ውሳኔው የእናንተ ነው፤ ክፍተቱ ሲደፈን ግን የአየር ቀዳዳ ይተውለት፣ ካልሆነ እርጥበት ውስጡ ይታመቃል። ግንቡን ከሆነ አስቁሚያቸው። ፎቅ ላይ ያለው የጭስ ማውጫ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ታችኛው ሲቆረጥ ላይኛው በብረት መያዝ አለበት፣ የሕንፃ ቁጥጥርም ሊያየው ግድ ነው። ግንቡ የተጣበቀው በጋራው ግድግዳ ላይ ከሆነ ደግሞ በ1996ቱ የጋራ ግድግዳ ሕግ መሠረት ሥራው ከመጀመሩ ሁለት ወር በፊት ለጎረቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ይህን ዘለው ያፈረሱ ሰዎች ቤቱን የሚሸጡ ዕለት የገዢው ጠበቃ ወረቀቱን ሲጠይቃቸው አይቻለሁ።

ስለ ግድግዳውም ልንገርሽ። የእነዚህ ቤቶች የውጭ ግድግዳ እንደ አሁኑ መሃሉ ክፍት አይደለም፤ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ድፍን ጡብ ነው፣ የተገነባውም በኖራ። ኖራ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። በሲሚንቶ ስትለስኚው ወይም አየር በማያሳልፍ ቀለም ስትዘጊው እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ልስኑ ያብጣል፣ ይላጣል። ወገኖቻችን «ግድግዳው ረጠበ» ብለው በላዩ ላይ ደግመው ይቀባሉ፣ ያው ይብሳል። ከውጭ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጡብ ታያለሽ። ብርድ አስገባ ብለሽ እንዳትደፍኚው፤ ከእንጨቱ ወለል ሥር አየር የሚያስገባው እሱ ነው፣ ሲደፈን ወለሉ ይበሰብሳል። የድሮው የበርና የመስኮት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ልጆች አሉሽና በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት እንዳያፍቁት።

እኛ ኮርኒስ የምንለው ጣሪያውን በሙሉ ነው። እነሱ ኮርኒስ የሚሉት ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበትን ጌጥ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሐበሻ ደንበኛዬ «ኮርኒሱን አፍርሱ» ብሎ ሊያስፈርስ ያልፈለገውን አስፈርሷል። ከሠራተኞቹ ጋር ስትነጋገሪ በጣትሽ እያሳየሽ ይሁን።

የሉዊሻሟ፦
ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ስለነገርካት ተባረክ። እኔ የማውቀው ስለ አቀማመጥ ነው። ግድግዳና ጣሪያ ላይ የተሠራው ይቀመጥ፣ የሚንቀሳቀሰው ዕቃ ዘመናዊ ይሁን። ቤቱም ያምራል፣ ባልሽም አዲስ ነገሩን ያገኛል። ሶፋው ዝቅ ያለና ቀጥ ያለ ከሆነ እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ዓይን ወደ ላይ ወደ ጌጡ ይሄዳል። ጥምዝምዝ ያለው፣ የወርቅ ቅብ ያለው ሶፋ ቢሆን ኖሮ ከጣሪያው ጋር ይጣላ ነበር። ቴሌቪዥኑን ከማንደጃው በላይ አትስቀሉት፤ ግራና ቀኝ ገባ ያሉት ቦታዎች አሉ፣ አንደኛው ውስጥ ይግባ። ከማንደጃው በላይ መስታወት ይሁን፣ ብርሃን ይመልሳል። ከፍ ብሎ ግድግዳውን የሚዞር የእንጨት ዘንግ ካለ አትንቀሉት፤ ለሥዕል መስቀያ ነው የተሠራው፣ አሮጌውን ልስን በሚስማር ከመብሳት ያድንሻል። ቀለሙን በተመለከተ፣ ግራጫ ሶፋ ላይ ግራጫ ግድግዳ አትጨምሪ፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ሳሎኑ ፀሐይ የሚያገኘው በየት በኩል ነው?

የሌሊት ፈረቃ፦
እኔ ቀለም አላውቅም፤ አንድ ነገር ግን ልበል። ሰባት ዓመት የላክሁት ገንዘብ የወንድሜን ሳሎን ጣሪያ በጂፕሰም አስውቧል። ፎቶ ይልክልኛል፣ ደስ ይለኛል። እኔ የምተኛበት ክፍል እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው፣ ጣሪያው ላይ ያለው አበባ ግን ግማሹ ብቻ ነው። አከራዩ አንዱን ክፍል ለሁለት ሲከፍለው ግድግዳው መሃሉ ላይ አረፈና ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለማላውቀው ሰው ደረሰ። ጠዋት ከሥራ ስገባ ጋደም ብዬ አየዋለሁ። አሁን ወንድሜ ፎቅ ልጨምርበት ይላል፤ እናቴም በእሱ በኩል ታማልደኛለች። እህቴ፣ ባልሽን አትቀየሚው። አሮጌ ነገር ድህነቱን የሚያስታውሰው ሰው አለ። አበባው ግን ሙሉ ከሆነ እባክሽ አታስነሺው።

ታሪክ አይረሳም፦
ሁላችሁም «ቪክቶሪያን» እያላችሁ ነው፣ የማን ዘመን እንደሆነ ግን አንድ ሰው አላነሳም። ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 በፈረንጅ አቆጣጠር የነገሠችው ናት። አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ጽፈው መልስ ያጡት ከእሷ መንግሥት ነው። በ1868 መቅደላን የዘረፈው የእሷ ጦር ነው። ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እዚሁ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀብሯል። አፅሙ ይመለስ ሲባል በ2023 ቤተ መንግሥቱ እምቢ ብሏል። የመቅደላው የወርቅ ዘውድ የተቀመጠው በስሟ በሚጠራው ሙዚየም ነው። ቤትሽ ነው እህቴ፣ መብትሽ ነው፤ ግን ልጆችሽን የዚያ ዘመን ጌጥ ውበት ነው ብለሽ ታሳድጊያቸው?

የሉዊሻሟ፦
ወንድሜ፣ ስለ ዓለማየሁ እኔም መቃብሩ ድረስ ሄጄ አልቅሻለሁ። ግን ይህን ቤት ንግሥቲቱ አልሠራችውም፤ በቀን ሥራ የሚያድሩ ግንበኞችና ልስን ሠሪዎች ናቸው የሠሩት። ደግሞም የዚያ ዘመን ሰዎች ራሳቸው ቀያጮች ነበሩ። ኬንሲንግተን ሄደህ የሠዓሊውን የፍሬደሪክ ሌይተንን ቤት እይ፤ ከደማስቆ የመጣ ሸክላ የተለበጠበት የዓረብ አዳራሽ አለው። እነሱ የሌላውን አገር ዕቃ ቤታቸው ካስገቡ እሷ መሶቧን ማንደጃው አጠገብ ብታስቀምጥ ምን ነውር አለው?

ታሪክ አይረሳም፦
የእነሱ ቅይጥ ጉልበት ባለው እጅ የተሰበሰበ ነው። የእኛ መሶብ ከዚያ ጋር እኩል አይቆምም።

የሉዊሻሟ፦
ደማስቆ የተገዛን ሸክላና መቅደላ የተዘረፈን ጽዋ አንድ አታድርጋቸው። እንዲህ ከተምታታ የእኛው ጥያቄ ነው የሚዳከመው። እሷ ቤቱን የገዛችው በባሏ ላብ ነው። የማንም ምርኮ አይደለም።

ታሪክ አይረሳም፦
ምርኮ ነው አላልኩም። ልጆቹ ይወቁ ነው ያልኩት። ማንደጃው ከቀረ ታሪኩም አብሮ ይነገር።

አናጺው፦
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም የምትሉት ይገባኛል፤ እኔም በዚህ ጉዳይ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ። አሁን ግን ሐሙስ ነው፣ ሰዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ። እህቴ፣ ጠየቅሻቸው?

የሁለት ልጆች እናት፦
ጠየቅሁ ጋሼ። ግንቡን ጭምር ሊያፈርሱ ነበር፤ ለጎረቤት ስለ ማሳወቁም ስለ ካውንስሉ የሕንፃ ቁጥጥርም አንዳቸውም አልነገሩንም። ባለቤቴ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበበና ራሱ ደውሎ የቅዳሜውን ሰረዘ። ብረቱ ይቅር ወይ ይነሳ ገና አልተስማማንም። ስለ ዓለማየሁ ለትልቁ ልጄ ነገርኩት፤ ስምንት ዓመቱ ነው፣ «ከእኔ ያንሳል» ብሎ ዝም አለ። ሳሎኑ ጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ከሰዓት ጨለማ ነው።

ማታ ኮሪደሩ ላይ የምንጣፉን ጥግ ገለጥ አደረግነው። ከሥሩ ቀይ፣ ጥቁርና ክሬም ሸክላ ወጣ፤ ባለቤቴ ራሱ ተንበርክኮ እስከ በሩ ድረስ ገለጠው። ሦስቱ ተሰብረዋል፣ አንዱ የለም። እንዲህ ያለ ሸክላ መልሶ የሚያያዘው በምንድን ነው ጋሼ? በሲሚንቶ ነው ወይስ በኖራ?